ለእናቱ ተሸካሚ ያጣው ደራሲ

ወይ ጉድ! ሚያው ደሺን ስሙ በየመጻሕፍት መደብሩ መስኮት ላይ ተለጥፎ፣ ለእናቱ ሬሳ ተሸካሚ አጣ።

በመንደሩ ልማድ እናት የሞተችበት ልጅ የሐዘን ነጭ ጨርቅ ራሱ ላይ አስሮ በየደጁ ይንበረከካል፤ ባለቤቱም ወጥቶ ያነሳዋል፤ ሣጥኑን ለመሸከምም ቃል ይገባለታል። ደሺንን ግን ማንም አላነሳው። እንዲያውም አንዷ በሩን ሳትከፍት «ከተሜው፣ ብዕርህ ይሸከምልህ!» አለችው።

የስኳር ድንች ቅጠል እየበላ ያደገበት መንደር ነው። ከዚያ ችጋር ያወጣው ውትድርና ነበር፤ መጻፍም የጀመረው እዚያው ነው። ስሙን ያስጠራው መጽሐፍ ስለ ረሃቡ ዘመን ነው። እናቱ በሹክሹክታ ያወራችለትን አንድም ሳያስቀር ጻፈው። ሚስቱ ስትሞትበት ሞቷን ደብቆ፣ ከመንደሩ የጋራ ድስት የሚታደላትን የአጥሚት ድርሻ እየተቀበለ ልጆቹን ያበላ ሰው ታሪክም አለበት። ስሙን ለውጦታል፤ ምን ዋጋ አለው፣ መንደሩ ሰውዬውን ያውቀዋል።

የመጨረሻው ደጅ የዚያ ሰው፣ የጋሽ ጓን ነበር። ሽማግሌው ወጥተው ቁልቁል አዩት።

«ልጆቼ የእናታቸውን ድርሻ እንደበሉ ካንተ መጽሐፍ ነው የሰሙት» አሉ። «ሃምሳ ዓመት አፌን ይዤ ኖሬ ነበር እኮ።»

«ጋሼ፣ እኔን ይርገሙኝ። እሷ ምን አጠፋች?»

«እሷማ ከፈለች። መጽሐፍህ ከወጣ ወዲህ ደጇን የረገጠ ሰው የለም። አልነገረችህም?»

አልነገረችውም። በደወለ ቁጥር «ቤቱ በሰው ተሞልቷል ልጄ፣ ኋላ ደውል» ትለው ነበር። ደሺን እዚያው ጭቃው ላይ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

በማግስቱ የጋሽ ጓን የልጅ ልጆች ጎረምሶች አሰባስበው መጡ። ሣጥኑን ተሸክመው ኮረብታው ላይ ቀበሯት። ደሺንን ግን ቀና ብሎ ያየው አልነበረም። ለቀስተኛው ይብላ ተብሎ የተሠራው የአሳማ ሥጋ ጠረጴዛው ላይ እንደተከመረ ቀረ፤ አንድም ሰው ሳይቀምስ ሁሉም በየቤቱ ገባ።

ጋሽ ጓን ብቻ ግቢው በር ላይ ቆም አሉ።

«ለእሷ ብለን ነው፤ ላንተ እንዳይመስልህ። ደግሞ አደራህን፣ ይቺን የዛሬዋን ነገር እንዳትጽፋት።»

«አልጽፍም ጋሼ፤ በእናቴ መቃብር!»

ሽማግሌው ሄዱ። ደሺን ከባዶዎቹ ወንበሮች መሃል ብቻውን ተቀመጠ። ገና ሣጥኑን ተከትሎ ኮረብታውን ሲወጣ የዚሁ ቀብር ታሪክ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሳይጠራው መጥቶለት ነበር፤ ሁለተኛውም ወዲያው ተከተለ። ጥሩ ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ። ራሱን ጠላ።