ጁባ ላይ ወባ የተባለው ሞት

ከቦሌ የተነሳሁት ልቅሶ ልደርስም ላስተምርም ነው። የሟቹ እናት ኛቦል ከጋምቤላ መጠለያ ወጥታ አዲስ አበባ ስትመጣ እኛ ግቢ ነበር የተከራየችው። ልጇ ጋትሉዋክና የኔው ሄኖክ በአንድ ሳፋ እየታጠቡ ነው ያደጉት። ሰላም ሲወርድ አገሯ ጁባ ገባች። ባለፈው ክረምት ደውላ «ልጄን ወባ ወሰደብኝ» አለችኝ። አሁን ደግሞ እንደገና ደወለች። «አንቺ ነርስ አይደለሽ? እዚያ ተማሪ ቤት እየዞርሽ ስለሚያደነዝዘው ክኒን የምታስተምሪውን መጥተሽ እዚህ አስተምሪልኝ። የጋትሉዋክ ጓደኞች በአረቄ እየዋጡት ነው። ሌላ ልጅ መቅበር አልችልም» አለችና ስልኩ ተቋረጠ።

ጁባ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚያገኘው የጮኸ ነው። እኔም ጮኼ ወሰድኩ። በር ላይ ያገኘሁትን ባለ ቦዳቦዳ «ካም?» አልኩት፤ ስንት ነው ማለት ነው። ሃያ ፓውንድ አለኝ። ለሞተር ሳይክል! በአስር ተስማማንና እኔ ከኋላው፣ ሻንጣው ከፊቱ፣ ቀይ አቧራ እየቃምን ሄድን።

ኒምራ ታላታ፣ የኛቦል ሰፈር

ኛቦል ከስታለች። አቅፋኝ ብዙ ቆየች፤ አላለቀሰችም። በኪስራ፣ እንጀራ በሚመስለው ስስ ቂጣቸው፣ የባሚያ ወጥ አቀረበችልኝ፤ እሷ ግን አልቀመሰችም። ከአጥሩ ማዶ ጄኔሬተር ይጮሃል። በሩ ፊት ለፊት ባለው ሱቅ በትንንሽ ላስቲክ የታሸገ አረቄ ከከረሜላው ጎን ተሰቅሏል። ወይ ጉድ! ልጅ እጁን ከፍ ቢያደርግ ይደርስበታል።

የረጃፍ መንገድ

በማግስቱ መቃብሩን ልታሳየኝ ወሰደችኝ። ዓሣ አጥማጆች ወንዙ ዳር መረባቸውን ይጠግናሉ። የጋትሉዋክ መቃብር ገና አፈሩ አልጠነከረም።

«ወባ አልነበረም» አለች ድንገት። «ያን ዕለት አረቄ አረቄ እየሸተተ ገባ። ወዲያው ተኝቶ ማንኮራፋት ጀመረ። አቤት ማንኮራፋት! እኔ ደግሞ ደስ አለኝ፤ ስንት ቀን እንቅልፍ ያጣ ልጅ ነበር። አጎበሩን አስተካክዬለት ወጣሁ። ሲነጋ ቀዝቅዟል። ኪሱ ውስጥ ባዶ የክኒን ማሸጊያ አገኘሁ።»

ያ ማንኮራፋት የጥሩ እንቅልፍ አልነበረም፤ ትንፋሹ እየታፈነ ነበር። ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ። 

«ብቀሰቅሰው ይነቃ ነበር?» አለችኝ።

«ሐኪም ቤት ቢደርስ ምናልባት» አልኳት። ዋሽቼ ባጽናናት በወደድኩ፤ አልቻልኩም።

«የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ሆድ ይፍጀው አሉኝ። የሞተ ልጅ ስሙ አይጎድፍም አሉ።» አፈሩን በእጇ ዳበሰችው። «ስንቱን ነው ሆዴ የሚፈጀው?»

ቡሉክ፣ እሁድ ከሰዓት

የሰጡን ቦታ እዚያ የሚሠሩ የአገሬ ልጆች የሚጸልዩበት ቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ወጣቶቹ ሞልተውታል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያ ያደጉ ስለሆኑ አማርኛቸው ከኔ አይተናነስም። ክኒንና አረቄ ሲገናኙ ትንፋሽ እንደሚያዳክሙ አስረዳሁ። ማን ይሰማኛል! ሲያዛጉ አያለሁ።

ፒተር የሚባለው የጋትሉዋክ የቅርብ ጓደኛ እጁን አወጣ። «ሲስተር፣ እዚህ በክኒን የሞተ ሰው የለም። እኛን የሚገድለን ወባ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ግን እኔ የምናገረው አልነበረም። ወደ ኛቦል ላለማየት መሬት መሬቱን አየሁ።

እሷ ተነሳች። አጠገቧ ያሉት የባሏ ወንድም «ተቀመጪ» አሏት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ ሐበሾች» አለች። «ጋትሉዋክን የገደለው ወባ አይደለም። ክኒን ነው። ሲሞት እየሰማሁት ነበር። ድምፁ እንዲህ ነበር።»

ከዚያም አንኮራፋች። በጉሮሮዋ፣ እየቆራረጠች፣ ረጅም።  የሳቀ የለም።

ፒተር አንገቱን ደፋ። «እኛ እኮ» አለ፣ «ሰው እንዲህ ሲያንኮራፋ እንዳይነቃ ብለን ሙዚቃውን ቀንሰን ነው የምንወጣው።»

ትምህርቱ የተጀመረው ያኔ ነው። ስሙን ጥሩ፣ ትከሻውን ነቅንቁ። ካልነቃ በጎኑ አስተኙት። ወተትም ውሃም አፉ ውስጥ አታፍስሱ። ብቻውን አትተዉት፤ ሐኪም ቤት አድርሱትና የዋጠውን ሳትደብቁ ተናገሩ። ለልምምድ ፒተር ምንጣፍ ላይ ተጋደመ። ኛቦል ተንበርክካ በጎኑ አስተኛችው። «ስሙን ጥሪ» ስላት «ጋትሉዋክ!» ብላ ጠራችው። ማንም አላረማትም። ፒተርም «አቤት» አለ።

ቤት

ኛቦል ስትሸኘኝ አሁንም አላለቀሰችም። የባሏ ወንድም ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አያናግሯትም። ከእንግዲህ በየትኛውም ተማሪ ቤት ትምህርቴን ከማንኮራፋቱ ነው የምጀምረው፤ ከዚህ መንገድ ያገኘሁት ይኸው ነው።

ቤቴ የገባሁት እኩለ ቀን ላይ ነው። ሄኖክ ሶፋው ላይ ተዘርሮ ያንኮራፋል። ሻንጣዬን ጥዬ ሮጥኩ።

«ሄኖክ! ሄኖክ!»

ትከሻውን ነቀነቅኩት። አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ምነው እማዬ? መጀመሪያ ስትጠሪኝ ሰምቼሻለሁ እኮ፤ ትንሽ ልተኛ ብዬ ነው።»

«ሰምተህ ዝም አትበለኝ!» ብዬ ጮኽኩበት። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።