የጾም ማኪያቶ ጭማሪ

አባቴ የካ ዳገት ላይ፣ ከቤታችን ጓሮ፣ አንዲት ላም ነበረችው። እኔ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ባለ ካፌ ማኪያቶ እሠራለሁ። እሱ ጠዋት ያልባል፣ እኔ ወተቱን ይዤ ሥራ እገባለሁ። እንዲህ ነበር የምንኖረው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ይህ ይቆማል። የካፌው ባለቤት የሶያ ወተት በካርቶን ታስመጣና «የጾም ማኪያቶ ጭማሪ አለው» የሚል ወረቀት ትለጥፋለች። ደንበኛው «ደግሞ ለመጾምም ጭማሪ!» ብሎ ያጉረመርማል፤ ከፍሎም ይጠጣል። ላሟ መቼም ጾም አታውቅም። ፉርሽካዋን እየበላች ወተቷን ትሰጣለች፤ ሕፃን ካላቸው ሁለት ጎረቤቶች በቀር የሚገዛን ግን የለም። ፉርሽካው ደግሞ በየሳምንቱ ይወደዳል።

ዘንድሮ አባቴን ሰለቸው። እራት ላይ «ልሽጣት ይሆን?» ማለት አመጣ። ያቺን ላም እወዳታለሁ፤ ትምህርቴን የጨረስኩት በእሷ ወተት ነው። ስለዚህ ዋሸሁት።

«አባዬ፣ ሶያውን እኮ ማንም አይወደውም። ግማሹን ትተውት ነው የሚሄዱት። ጾሙ ሲፈታ ሁሉም ወደ ላሟ ወተት ይመለሳል።»

እውነቱ ሌላ ነበር፤ ስኒው ተሟጦ ነበር የሚመለስልኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ግን እየከበደኝ ሄደ፤ በጠየቀኝ ቁጥር እጨምርበት ነበርና።

አንድ እሑድ ከራጉኤል አስቀድሶ ሲመለስ፣ ነጠላውን እንዳጣፋ ካፌው ገባ። ከዚያ በፊት ገብቶ አያውቅም።

«ያንን የጾሙን ሥሪልኝ» አለኝ። ወረቀቱን አነበበ። «ጭማሪው ለምንድን ነው?»

«ለሶያው ነው፣ አባዬ።»

«የእኔዋስ ፉርሽካ ትበላለች። ይኼ ምን ይበላል?»

የሰሙት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ሶያ ካልተጠነቀቁለት ይቋጠራል፤ ከቡናው አይስማማም። ውሸቴ እንዳይጋለጥ አንድ ጊዜ ማቃጠል ብቻ ይበቃኝ ነበር። ግን ለአባቴ በገዛ እጄ ማኪያቶ ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው። እጄ እምቢ አለኝ። ቀስ አድርጌ አሞቅሁት፣ አረፋውን አሳመርሁት፤ ለማንም እንደዚያ ሠርቼ አላውቅም።

እስከ አተላው ጠጣው። ጢሙን ጠረገና ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ ይኼ እኮ ይጣፍጣል» አለኝ።

ልከፍልለት ብል «ተይ፣ ሰው ሁሉ የከፈለውን እከፍላለሁ» ብሎ ጭማሪውንም ጨምሮ አስቀመጠና ወጣ።

ሐሙስ ዕለት ላሟን ለሥጋ ነጋዴ ሸጣት። ለበዓል እርድ ነው የገዛት። ስትወሰድ ከቤት አልወጣሁም፤ ትራሴን ነክሼ አለቀስሁ። እስከ ዛሬ ያንን ስኒ ባቃጥለው ኖሮ እላለሁ። ለአባቴ በጥሩ እጄ የሠራሁለት አንድ ነገር ላሙን አሳጣው፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የፋሲካ ማግስት ሥራ ገባሁ። ባለቤቷ ያንን ወረቀት ከግድግዳው እየላጠች አገኘኋት። ደስ ብሏታል።

«እንኳን አደረሰሽ! ሰው ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ ወተት፣ ወተት እያለ አስጨነቀኝ። ለአባትሽ ንገሪልኝ፣ ከነገ ጀምሮ ያላቸውን ሁሉ ይላኩልኝ።»

«እሺ» አልኳት።