ስጦታው ይታይ፣ ቦርሳው ይከደን

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ቢትኮይን የሚሉት በስልክ የሚላላኩት ገንዘብ እንደሆነ የነገረችኝ ደብረ ብርሃን ሆና ለውጭ አገር ሰዎች በኮምፒውተር የምትሠራው ልጄ ናት። የሚከፍሏት በሱ ነው። የደብራችን ጣራ ሲታደስ ከዚያው ቀንሳ ላከች። የኮሚቴው ጸሐፊ፣ ስልክ ያውቃል የሚባል ጎልማሳ፣ በዚህም እንቀበላለን ብሎ ነበርና።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ዐጸዱ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ጸሐፊው የሰጪዎችን ስም አነበበ። ይሄ የኖረ ነው፤ አልከፋኝም። ልጄ ጋ ሲደርስ ግን ገንዘቡ የወጣበትን፣ ቦርሳ የሚሉትን የስልክ መዝገብ ከፍቶ የገባላትን፣ ያወጣችውን፣ የቀራትን ሁሉ አሳየ። በዚህ ገንዘብ የሚሸሸግ ነገር የለም፣ ግልጽነት ማለት ይሄ ነው እያለ ስልኩን ለሽማግሌዎቹ አዞረው። በሚቀጥለው ገበያ መሐል ሜዳ ከተማ ስወርድ አንዲት በግ ነጋዴ "ልጅሽ እንዲያ ተርፏት አንቺ ገብስ ትሸጫለሽ?" ብላ ሳቀችብኝ። እኔ የታየኝ ግን ልጄ ብቻዋን የምትመጣበት፣ ዘራፊ የማይጠፋበት መንገድ ነው።

ደውዬ ነገርኳት። ቦርሳው ላይ ቁጥር እንጂ ስም እንደሌለ፣ ቁጥሩን ከስሟ ያጋባው ጸሐፊው እንደሆነ፣ እዚያ የተጻፈም እንደማይፋቅ አስረዳችኝ። ገንዘቡ ከሚላላክበት ከዋናው መረብ ጎን ግን ሌላ መረብ አለ፤ ገንዘቡ ወደዚያ ከተሻገረ በኋላ መጠኑ ይሸፈናል አለች። የዚያ ገንዘብ ጠባቂዎች ብዙ ናቸው፣ አንዱ ብቻውን አይከፍተውም አለችኝ።

"እንደ ሙዳየ ምጽዋታችን ነዋ" አልኳት። የኛ ሣጥን ሦስት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በአስተዳዳሪው፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ፣ አንዱ በምእመናን ተወካይ እጅ ነው። "የኛን ቁልፍ ያዦች አውቃቸዋለሁ። የናንተዎቹን ታውቂያቸዋለሽ?"

"አላውቃቸውም፣ እማዬ። ወይ ሁሉም ያየኛል፣ ወይ የማላውቃቸውን አምናለሁ።"

አሻገረችው። ለጣራው ዳግመኛ ከዚያ ስትልክ ጸሐፊው የተሸፈነ ገንዘብ በምን እቆጣጠራለሁ ብሎ አሻፈረኝ አለ። እሷም የዚያችን ስጦታ መጠን ብቻ የሚገልጥ ቁልፍ ለገንዘብ ያዡ ላከችላቸው፤ አይተው መዘገቡ። ሌላ ምንም አላዩም። ይኸው፣ ሰው ሳይራቆትም መቆጣጠር ይቻል ኖሯል! ያኔ ይብስ ተቃጠልኩ።

ለንግሥ በየዓመቱ ትመጣ ነበር። ዘንድሮ መንገዱን ፈርታ ቀረች፤ እኔም ነይ ለማለት አልደፈርኩም። ታቦቱ ዞሮ እንደገባ ጸሐፊው መጥቶ "እማማ፣ ልጅዎ የለችም እንዴ? ስሟን ጠርቼ ላስመሰግናት ነበር" አለኝ።

"ያንን ሣጥን ለመክፈት ሦስት ሰው ይጠራል" አልኩት። "የልጄን ቦርሳ ስትከፍት ማንን ጠራህ?"

ለሕዝቡ ብዬ ነው እንጂ ለክፋት አይደለም አለ። ለሷ ብዬ የጋገርኩትን ድፎ ለደጀ ሰላም ሰጥቼ፣ አዲሱን ጣራ ቀና ብዬ ሳላይ ወደ ቤቴ ሄድኩ።