የጉራች እግር

ዝናብ ሲጥል የጋሪ ነጂዎቹ ፈረሶቻቸውን እየጎተቱ እኔ ልብስ የምሰፋበት በረንዳ ሥር ይጠለላሉ። የፍኖተ ሰላም ዝናብ ችኩል ነው፤ የተሰጣ ልብስ እስክታስገቡ እንኳ አይታገሣችሁም። ወዲያው የራሰ ፈረስ ሽታ በረንዳውን ይሞላዋል፤ ላብ፣ ጠፍር፣ ገለባ፣ ትንሽም ሽንት። ደንበኞቼ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። እኔ ግን እግሬን ከስፌት መኪናዬ ላይ አንሥቼ ሽታውን ደህና አድርጌ እስበዋለሁ።

ባጃጁ ከተማውን እንዲህ ሞልቶት ጋሪ ስንት ዘመን እንደሚቆይ እንጃ። ልጆቹ ግን ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ስለ ፈረሶቻቸው እንጂ ስለ ሌላ አያወሩም። የአንዱ ፈረስ የጌታውን ሳል ከሩቅ ይለያል፤ የሌላው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፍ ሳይነግሩት ዝግ ይላል። ሁሉም የራሱን ከፍ ከፍ ያደርጋል፣ የሌላውን በሳቅ ያጣጥላል። ባለፈው ሳምንት ተራው መላኩ ለሚባለው ደረሰ። የመላኩ ፈረስ ጉራች ይባላል፤ እንደ ስሙ ድፍን ጥቁር አይደለም፣ ቡላ ቢጤ ነው። «የኔን ስሙን ከማን እንዳወጣሁለት ታውቃላችሁ?» አለና ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ከእትዬ ይታይሽ አባት ፈረስ ነው። ምጥ የያዛትን ሴት ተሸክሞ የላህን ወንዝ በሐምሌ ሙላት ከተሻገረው።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኔም እንደ ልማዴ ቀና ብዬ ተቀመጥሁ። እነዚህ ልጆች የአባ ጉራች ልጅ እያሉ ነው የሚያከብሩኝ፤ ዕቃ ከገበያ ስገዛ አንዳቸውም ሳይጭኑልኝ አያልፉም። ደስ ይለኛል፣ ለምን እዋሻለሁ። ብቻ ይህ ወሬ በተነሣ ቁጥር ከደስታው ቀጥሎ አያ ተመቸ ይመጡብኛል። በዕድሜዬ እንደ እሳቸው የቀናሁበት ሰው የለም።

አያ ተመቸ ከማንኩሳ በታች ባለው አገራችን አጥር ለአጥር የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ነበሩ። አጭር፣ ጆሮ ሰፊ፣ አንድ የፊት ጥርሳቸው የወለቀ ሰው። ክረምት ከበጋ ያችኑ ካኪ ኮት ይለብሳሉ። ከኪሷ የተቆላ ገብስ አይጠፋም፤ ለባዝራቸው፣ ለሴት ፈረሳቸው ነው የሚይዙት፣ እኛ ልጆች እየሮጥን ከደረስንባቸው ግን ለእኛም ይዘግኑልናል። ባዝራቸው እንደ ቀላ ያለ መልኳ መጋላ ትባላለች። ሆዷ የተንዘረጠጠ፣ ጀርባዋ የሰረጎደ፣ ስትሄድ የምታስብ የምትመስል ነበረች። በኛ አገር ወንድ ልጅ ባዝራ ጭኖ ጉግስ አይወጣም። እሳቸው ይወጡ ነበር።

የአባቴ ፈረስ ጉራች ግን ፈረስ ነበር። ጥቁር ድንጉላ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ቅባት የተቀባ የሚመስል። አባቴ ግላሱን በእጁ ያጥባል፣ ልጓሙን በአመድ ይወለውላል፣ የእርካቡን ጠፍር በቅቤ ያሻል። በጥምቀት ጉግስ ጉራች ላይ የደረሰበት ፈረስ አላየሁም። ምን ያደርጋል ታዲያ፣ ሰው ከሜዳው ሲመለስ የሚያወራው ስለ መጋላ ነው። እንዴት መጨረሻ እንደወጣች፣ እንዴት ጉግሱ መሀል ቆማ ሣር እንደጋጠች፣ አያ ተመቸም እላይዋ ሆነው እንዴት ይቅርታ እንደጠየቁላት። አንጀቴ ድብን ይል ነበር።

ሰው ሁሉ፣ ቄሱም ሕፃኑም፣ አያ ተመቸን አባ መጋላ ነበር የሚላቸው። በኛ ዘንድ ሰው በፈረሱ ስም ከተጠራ ትልቅ ሰው ሆነ ማለት ነው፤ ስሙን ደግሞ ራስህ አታወጣውም፣ ሰው አፍ ላይ ሲለምድ ነው የሚጸናልህ። አባቴን አባ ጉራች ያለው አንድም ሰው አልነበረም። አለኸኝ ነው፣ አለቀ። እኔ ያን ስም ለአባቴ ከምንም በላይ እፈልገው ነበር። አዲስ ቀሚስ ትፈልጊያለሽ ወይስ ያን ቢሉኝ ያን ነበር የምመርጠው።

ፈረስ ያላቸው ሰዎች የጊዮርጊስ ማኅበር ነበራቸው። ወር በገባ በሃያ ሦስት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በየተራ ቤት ይገናኛሉ። ፈረሶቹ ከደጅ ሾላው ሥር ይታሰራሉ፣ ውስጥ ጠላ ይቀዳል፣ አንድ ትልቅ ዋንጫም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ዋንጫው የደረሰው ሰው ከመጠጣቱ በፊት ስለ ፈረሱ አንድ ነገር መናገር አለበት፤ ደንቡ ነው። አባቴ ዋንጫውን ይቀበልና «ጉራች ደኅና ነው» ይላል። ይጠጣል። ያቀብላል።

አያ ተመቸ ጋ ሲደርስ ቤቱ ገና ሳይናገሩ መሳቅ ይጀምራል። መጋላን ለንስሐ አባታቸው ማዋሳቸውን ያወራሉ። መጋላ ቄሱን ጭና በየጠላ ቤቱ ደጅ እየቆመች አልነቃነቅ አለች አሉ። ቄሱም ሲመለሱ «ልጄ ተመቸ፣ ንስሐህን ፈረስህ ነገረችኝ» አሏቸው። ሰዉ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። አባቴም ይስቃል። እኔ ከጓዳ በር ላይ ቆሜ አባቴን ሲስቅ ሳይ ይብስብኛል።

አንድ ሰሞን እኔው ታሪክ አስጠናሁት። ጉራች ጅብ ሸትቶት ገመዱን በጥሶ ጥጆቹን እንደከበበ የሚያወራ፣ ግማሹ እውነት ግማሹ የኔ ፈጠራ። ሦስት ቀን እየደገመ አጠናው። ዋንጫው ሲደርሰው ግን «ጅብ መጥቶ ነበር» አለ። ሰዉ ጠበቀው። «ሄደ» አለ አባቴ፤ «ጉራች ደኅና ነው።» እኔ ከጓዳ ወጥቼ በጓሮ በኩል ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ሐምሌ ነው። የአያ ተመቸን ሚስት እትዬ ጥሩነሽን ምጥ ይዟት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ሐኪም ያለው ፍኖተ ሰላም ነው፣ መሀል ላይ ደግሞ ላህ ሞልቷል። ድምፁ ቤታችን ድረስ ይሰማ ነበር። አያ ተመቸ በዝናብ፣ ያችን ኮት እንኳ ሳይለብሱ፣ እደጃችን መጥተው ቆሙ።

«አለኸኝ፣ ጉራችን ስጠኝ። መጋላ ይህን ውሃ አትችለውም» አሉ።

አባቴ ወደ ፈረሱ ዞሮ አየ። ጉራች ከታዛው ሥር ቆሞ ገብሱን ይበላል። አባቴ ያን ፈረስ እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚያየው፤ ደራሽ ውሃ ሲወስድበት ታይቶት መሰለኝ። «እግሩን አሞታል» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

አያ ተመቸ ወደ እኔ ዞሩ። ሲያሾፉብኝ እሜት ነበር የሚሉኝ፤ ያን ዕለት ግን ሳያሾፉ «እውነት ነው እሜት?» አሉኝ።

ጠዋት ጉራች ሜዳውን ሲጋልበው አይቼዋለሁ። «አዎ፣ ከትናንት ጀምሮ ያነክሳል» አልኋቸው። አባቴን ፈርቼ አልነበረም። ጉራች ሄዶ ቢሻገርላቸው ያም የእሳቸው ወሬ ይሆናል፣ ዋንጫውን ይዘው አሳምረው ያወሩታል ብዬ ነው። ሴት በምጥ ትሞታለች፣ እኔ ስለ ወሬ አስባለሁ።

አያ ተመቸ ሮጠው ተመለሱ። ጥቂት ቆይቶ መጋላ በጋቢ የታሰረችውን እትዬ ጥሩነሽን ጀርባዋ ላይ ተሸክማ፣ ቀስ እያለች በበራችን አለፈች። አያ ተመቸ ልጓሟን ይዘው በእግራቸው ይሄዱ ነበር። አባቴ በሩን ዘጋው፤ ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

መጋላ ተሻገረች። እናትም ልጅም ተረፉ። ከዚያ በኋላ በማኅበሩ አያ ተመቸን ከዚህ ሌላ ወሬ የሚያስወራቸው ጠፋ። ጅራቷን ይዘው እንዴት እንደተጎተቱ፣ ውሃው መሀል ላይ እንዴት አንዴ እንደዋጣቸው ይነግራሉ። «እናንተ ሆዷን ስትስቁበት የነበራችሁ፣» ይላሉ፣ «ያ ሆድ ነው ያንሳፈፈን።» እኔ በየወሩ ጓዳ ሆኜ የምጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ መጀመሪያ አለኸኝ ቤት ሄጄ ነበር፣ ከለከለኝ የሚሉበትን ቀን። አባቴም ይህንኑ የሚጠብቅ ይመስለኛል፤ ወሬው ሲጀመር አንገቱን ደፍቶ እስኪያልቅ ቀና አይልም። አያ ተመቸ ግን አንድም ቀን አላሉም። አንዴ ብቻ፣ በዚያው ሰሞን፣ ጉራች ሲጋልብ አይተው ወደ እኔ ጠጋ አሉና «እግሩ ዳነለት? ጊዮርጊስ ይመስገን» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ። ከኪሳቸው ገብስ ዘግነው ሰጡኝ። ተቀብዬ በላሁት።

አባቴ የሞተው እኔ ዐሥራ ስድስት ሲሞላኝ ነው። ለቅሶው ሜዳ ወጣ። እንደ አገራችን ወግ ጉራች ተጭኖ፣ የአባቴ ካባ ኮርቻው ላይ ተነጥፎ፣ ሕዝቡ መሀል እንዲዞር ተደረገ። ፈረሱ ሲዞር የሚያውቁት ሰዎች እየተነሡ ሟቹ የሠራውን ያነሣሉ። አንዱ ደግ ነበር አለ። ሌላው ቂም አያውቅም ነበር አለ። ጉራች ባዶ ኮርቻውን ይዞ ይዞራል፣ ሰው ያያል፣ የሚናገር የለም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ነበር።

አያ ተመቸ ተነሡና ልጓሙን ከያዘው ሰው ተቀበሉ። ነጠላቸውን አደግድገው መሀል ሜዳ ቆሙ።

«ሰባት ዓመት ዋሽቻችኋለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አሉ። «ላህን የተሻገረችው መጋላ አይደለችም። መጋላ ውሃውን ስታይ ፈርታ ተመለሰች። ወደ አለኸኝ ሄድሁ። ይህን ፈረስ፣ እንደ ዓይኑ የሚያየውን፣ ሁለት ቃል ሳያናግረኝ ፈትቶ ሰጠኝ። ለማንም አትንገር አለኝ፤ ስም አይወድም ነበርና። እኔ ስም እወዳለሁ፣ ለባዝራዬ አደረግሁት።»

ሰዎች ወደ እትዬ ጥሩነሽ ዞሩ። መጋላ ጀርባ ላይ በጋቢ ታስራ የሄደችው እሷ ናት። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ «እውነት ነው። ጉራች ነው ያሻገረኝ» አለች።

ከወዲያ ጥግ አንድ ሰው «አባ ጉራች!» ብሎ ጮኸ። ሜዳው ተቀበለው። ያን ሁሉ ዓመት የተመኘሁት ስም አባቴ ከሞተ በኋላ በሺህ አፍ ሲጠራ ሰማሁ። እኔ ከሁሉ በላይ ጮኼ አለቀስሁ፤ ግማሹ ኀዘን ነበር፣ ግማሹ ግን ያው ቅናት ነው። አያ ተመቸ የራሴን አባት ከእኔ አስበልጠው አለቀሱልኝ።

ከዚያ ወዲህ አባ መጋላ ያላቸው የለም። ያን ያህል ዘመን ሲዋሸን የሚሉም ነበሩ፣ አያ ተመቸ እየሰሙ። በማኅበሩም ዋንጫው ሲደርሳቸው «መጋላ ደኅና ናት» ብለው ይጠጡና ያቀብላሉ አሉ። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ፍኖተ ሰላም ገብቼ ስፌት ከጀመርሁ ከዓመታት በኋላ እሳቸውም አረፉ፤ ለቅሶው ላይ ነበርሁ። መጋላ ቀድማ ሞታለች፣ የሚዞር ፈረስ አልነበረም፣ ስሟን ያነሣም የለም። እኔ ነጠላዬን በአፌ ላይ ጠቅልዬ ተቀመጥሁ።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ሳያባራ መላኩ ወሬውን ጨረሰ። «እንደዚያ ያለ ፈረስ ዛሬ የት ይገኛል!» አለ አንዱ። የመላኩ ፈረስ ራሱን አራገፈና ውሃው ልብሴ ላይ ተረጨ። ያ ሽታ እንደገና መጣ። አፌን ምን እንደከፈተው አላውቅም።

«ባዝራ ናት» አልሁ።

«ምን አሉ እትዬ?»

«ላህን የተሻገረችው ባዝራ ናት። መጋላ ነው ስሟ። የጎረቤታችን የአያ ተመቸ ናት። አባቴ ፈረሱን አልሰጠም፤ እኔም እግሩን አሞታል ብዬ መሰከርሁ። ለአባቴ ስሙን የሰጡት አያ ተመቸ ናቸው።»

ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። መላኩ የፈረሱን ጋማ እያሻሸ ቆየና፣ አባቴን ላለማስከፋት ይመስል፣ በቀስታ ጠየቀኝ።

«ታዲያ እትዬ፣ ጉራች ያን ቀን ምን ሆኖ ነበር?»

«ምንም» አልሁት። «ጉራች ደኅና ነበር።»