የስንብት ጋቢ

ባለቤቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ሊያጽናናኝ የሚመጣ ሰው ሁሉ እንዴት እንደሞተ ይጠይቀኛል። እኔ ግን ብቻዬን ስሆን ደጋግሞ ትዝ የሚለኝ ያልሞተበት ቀን ነው። ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን መገባደጃ ላይ፣ ከዱራሜ ወደ ሆሳዕና በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነው።

ባለቤቴ ላምቦሬ ሆሳዕና የጂኦግራፊ መምህር ነበር። የደም ግፊቱ በነበረው ኪኒን አልወርድ ስላለ አዲስ አበባ ሄዶ ታየና ካፕቶፕሪል የሚባል መድኃኒት ታዘዘለት። ያኔ ለእኛ አዲስ ነገር ነበር። ሐኪሙ እንዳስረዳው መድኃኒቱ ሰውነት የደም ሥርን የሚያጠብብ ንጥረ ነገር እንዳያመርት ይከለክላል፤ ሥሩ ላላ ሲል ግፊቱ ይወርዳል። እውነትም ወረደ። ራስ ምታቱ ለቀቀው፣ እንቅልፉም ተመለሰ።

ሳሉ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። አክታ የሌለው፣ ጉሮሮ የሚከረክር ደረቅ ሳል። ክፍል ውስጥ የአባይን ገባሮች ሲዘረዝር መሃል ላይ ያቋርጠዋል። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ "ጓድ መምህር፣ ወይ እርስዎ ይናገሩ ወይ እኔ ልናገር!" ብሎ ወደ ቤቱ ሰደደው።

ራጅ ተነሳ፤ ሳንባው ደህና ነው ተባለ። ሰፈራችን ግን ራጅ አያምንም። "የሳንባ ነው፣ ደብቀውት ነው" ይባል ጀመር። ማር ሞከርን፣ ዝንጅብል ሞከርን፣ ቅቤ በጤና አዳም እያነጠርኩ አጠጣሁት። ሳሉ ወይ ፍንክች። ቀስ በቀስ እኛም የሰፈሩን ወሬ አመንን።

በእኛ ዘንድ የጠና በሽተኛ ሥጋ ዘመዱን ሳይሰናበት ቢሞት ለቤተሰቡ ጸጸት ነው። አንድ ቀን ላምቦሬ "እግሬ ሳይከዳኝ ታደለችን ልያት" አለኝ። ታደለች ዱራሜ ያገባች ታናሽ እህቱ ናት። ተያይዘን ሄድን።

ታደለች በግ አሳረደች። ወንድሟ ሲስል ታለቅሳለች፣ ሲጎርስም ታለቅሳለች። ስንነሳ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ አውራ ዶሮ እግሩን አስራ ሰጠችን። በመጨረሻ ለባሏ ለመስቀል ፈትላ ያሠራችለትን አዲስ ጋቢ አውጥታ ላምቦሬ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችው። "ይህን ለብሰህ ሂድ ወንድሜ" አለች። ወዴት እንደሚሄድ አልተናገረችም፤ ሁላችንም ግን ገብቶናል። ባሏ ጋቢውን በዓይኑ ሸኘው።

አውቶቡሱ ከዱራሜ ሳይርቅ ሳሉ ተነሳበት። ከጎናችን የተቀመጠች አንዲት ነጋዴ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ "ረዳት! ሌላ ቦታ ስጠኝ!" ብላ ተነሳች።

"ቦታ ከየት ላምጣ እትዬ? ጣሪያው ላይ ይወጣሉ?"

"ከዚህ ሳልስ ጣሪያው ይሻለኛል!"

ሰው ሳቀ። ላምቦሬ ጋቢውን አፉ ላይ ይዞ አንገቱን ደፋ። ያን ያህል ዓመት ተማሪ ፊት ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው እንደዚያ ሲያቀረቅር ሳይ እንባዬ መጣ።

አንጋጫ ላይ አንድ ወጣት ተሳፈረ። ባዶውን ቦታ አይቶ አጠገባችን ተቀመጠ።

"አንተ ልጅ፣ እኔ ወድጄ አልቆምኩም!" አለችው ነጋዴዋ።

ፈገግ አለ እንጂ አልተነሳም። ላምቦሬ ሲስል ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠና "ጋሼ፣ አክታ አለዎት?" አለው።

"የለኝም።"

"ትኩሳትስ? ሌሊት ያልብዎታል? ከስተዋል?"

"ኧረ ወፍሯል!" አልኩ እኔ ቀድሜ። "ያን ሁሉ ቅቤ ጠጥቶ እንዴት ይከሳል?"

"የሚወስዱት መድኃኒት አለ?"

"የግፊት ብቻ። እሱ እንኳ ተስማምቶኛል" ብሎ ላምቦሬ ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ሰጠው። ወጣቱ ስሙን አነበበና ሳቀ።

"ሰው እየሞተ ይሳቃል?" ነጋዴዋ ጮኸችበት።

"አይሞቱም እናቴ! ሐኪም ነኝ" አለ። ከዚያ ወደ ላምቦሬ ዞረ። "መድኃኒቱ ጥሩ ነው፤ ለደከመ ልብም ይሰጣል። አንዳንድ ሰው ላይ ግን እንዲህ ያለ ደረቅ ሳል ያመጣል። ራጁ ደህና ከሆነ የሚያስልዎት ይኸው ነው። በራስዎ እንዳያቋርጡት፣ ግፊቱ ይነሳል። ነገ ሆሳዕና እኔ ጋ ይምጡ፣ በሌላ እንቀይረዋለን።"

ላምቦሬ ኪኒኑን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። ኋላ ወደ እኔ ዞሮ "ታዲያ በጉ ለምን ታረደ?" አለኝ።

እኔ እያለቀስኩ ሳቅሁ። ነጋዴዋ "ተነስ አንተ ዶክተር፣ ቦታዬ ነው!" ብላ ሐኪሙን አስነሳችና ተመልሳ ተቀመጠች። ከነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ፈታ ለላምቦሬ ዘገነችለት። ከኋላ አንዱ በከምባትኛ የሠርግ ዘፈን አነሳ፣ ሰው አጨበጨበ፣ ዶሮው እግራችን ሥር ጮኸ። ከዚያ በኋላ ላምቦሬ በሳለ ቁጥር አውቶቡሱ በአንድ ድምፅ "ኪኒኑ ነው!" ይላል። ሆሳዕና እስክንገባ እንዲሁ ነበር።

በማግስቱ መድኃኒቱ ተቀየረ። ሳምንታት አለፉና ሳሉ ጠፋ። የቀበሌው ስብሰባ ብቻ ተመለሰበት።

ታደለች ወሬውን ሰምታ እየሮጠች መጣች። አንገቱን አቅፋ ስማው ስታበቃ "በል ጋቢውን አምጣ! ባሌ በብርድ አለቀ!" አለችው።

"ለብሰህ ሂድ ነው ያልሽኝ። ገና አልሄድኩም።"

ጋቢውን አጥፎ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው። ለባሏ ሌላ ገዛለት። ከዚያ ወዲህ መስቀል በመጣ ቁጥር ታደለች ገና በራችንን ሳታልፍ "ዘንድሮም አልሄድክም?" ትላለች። እሱም "መንገዱ ጭቃ ነው!" ይላታል። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንዲህ ተሳሳቁ።

አምና ሄደ። ለለቅሶው ታደለች በልጅ ልጇ ተደግፋ መጣች። ጋቢውን ከሳጥን አውጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ፊቷን ቀበረችበት። ከዚያ ዘረጋችና እኔ ትከሻ ላይ ጣለችው። "አንቺ ልበሺው። ግን የትም እንዳትሄጂ!" አለችኝ።

ይህን ስጽፍ ለብሼዋለሁ፤ ይሞቃል። ቤቱ ጭር ብሏል፣ ናፍቆቱም አልቀለለኝም። ግን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከኋላዬ ሰው በደረቁ ሲስል ያ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ልቤ ውስጥ "ኪኒኑ ነው!" ብሎ ይጮኻል። ጋቢውን አፌ ላይ ይዤ እስቃለሁ።