የሄዳም እጅ ልክ

ኮሪያዊው ማ ሳንጉ ሰው የሚሆነው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ኢንሹራንስ ቢሮ ተቀምጦ የሰው መኪና ግጭት ሲመዘግብ ይውላል፤ ማታ ኑድል ቀቅሎ ከነድስቱ ይበላል፤ ይተኛል። በቃ። ሚስቱና ልጁ ለትምህርት ብለው ካናዳ ከሄዱ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። እንደ እሱ ደመወዙን እየላከ ብቻውን የሚቀረውን ሰው አገሩ “ዝይ አባት” ይለዋል፤ በዓመት አንዴ እየበረረ ቤተሰቡን ያያል ለማለት ነው። ሳንጉ ግን የትም አልበረረም። ፈቃድ ሲጠይቅ “ዘንድሮማ አይሆንም” ይሉታል፤ እሱም እሺ ይላል። እሺ ማለት በሽታው ነው።

ቅዳሜ ግን ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ፍሬዛው አለለት። በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጽ፣ ከልብስ ማጠቢያ የሚያንስ ማሽን ነው፤ በረንዳው ላይ ኪምቺ የሚባለው የኮመጠጠ ጎመን ከሚቀመጥበት ፍሪጅ ጎን ተቀምጧል። ሰዓቱን የቆረጡለት ከሥሩ ባለው ቤት የሚኖሩት እማማ ኦክቡን ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን ማሽኑ በጮኸ ቁጥር ኮርኒሳቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድቡበት ነበር። ኋላ መጡና “ሁለት ሰዓት ሰጥቼሃለሁ፤ አንድ ደቂቃ ብታሳልፍ ለጥበቃው እናገራለሁ” አሉት። እሺ አለ።

የዚያን ቅዳሜ ሥራ እንደ ሌላው ቅዳሜ አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በፊት ልጁ ሄዳም ደውሎ “አባዬ፣ የቀስቴ እጀታ እጄን እያሳመመኝ ነው፤ እዚህ የሚሸጠው ሁሉ አልተመቸኝም። አንተ ልትሠራልኝ ትችላለህ?” ብሎታል። ሄዳም በሦስት ዓመት ውስጥ አባቱን ሥራልኝ ብሎ የጠየቀው ይህንኑ ብቻ ነው። የቀስት ውድድሩ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ ፖስታው አንድ ሳምንት ይፈጃል፤ ስለዚህ እጀታው ዛሬ ማለቅ አለበት። የእጁን ልክ አልጠየቀውም። ለምን ይጠይቃል? ሄዳም ሊሄድ ሰሞን የምግብ ጠረጴዛው ላይ እጁን ዘርግቶ፣ ሳንጉ በእርሳስ የዞረበት ወረቀት መሳቢያው ውስጥ ነበር። ያንን ወረቀት ሲያወጣ የተሰማው ደስታ ልክ የለውም። ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈው።

ወፍራሙ ፑንታ፣ እንጨቱን የሚበላው የማሽኑ መቁረጫ ጫፍ፣ የእጀታውን ሻካራ ቅርጽ አወጣ። ቀጥሎ የሚገባው ቀጭኑ ነው፣ የሚያለሰልሰው። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ማሽን ዓይን የለውም፤ ፑንታው ተቀይሮ ቢረዝምም ቢያጥርም እሱ የሚያውቀው ቀድሞ የነገሩትን ቁመት ነው። ስለዚህ ፑንታ በተቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ ይለካል። ከጫፉ ሥር ቁራጭ ወረቀት ታደርጋለህ፤ ፑንታውን በጣም ጥቂት በጥቂት እያወረድክ ወረቀቱን በጣትህ ሳብ ሳብ ታደርጋለህ። ወረቀቱ አልመጣም ብሎ ያዝ ሲያደርግህ፣ ቁመቱ ያ ነው፤ ለማሽኑ ትነግረዋለህ። ሳንጉ ከሥራው ሁሉ የሚወደው ይህንን ነው። በሳምንቱ ውስጥ እሱ ሲስበው መልሶ የሚይዘው ነገር ያ ወረቀት ብቻ ነው።

ቀጭኑን ፑንታ አስገብቶ አጠበቀ። ወረቀቱን ሊያነሳ ሲል ስልኩ ጮኸ። ሄዳም ነው፣ በገዛ ራሱ የደወለ። እዚያ ገና ዓርብ ማታ ነው።

“አባዬ፣ እንዴት ነው?”

“ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ። አንተስ? በላህ?”

“አይ፣ እጀታውን ማለቴ ነው።”

“አሃ፣ እጀታው። ዛሬ ያልቃል። ሰኞ ፖስታ ቤት ነው።”

“አሪፍ። ለአሠልጣኙ ነግሬዋለሁ፣ አባቴ ነው የሚሠራልኝ ብዬ።” ከበስተኋላ እናቱ እራት ቀረበ ስትል ተሰማ። “በቃ ቻው፣ አባዬ።”

ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ሳንጉ ስልኩን አስቀመጠ። “አባቴ ነው የሚሠራልኝ” አለ ለራሱ፣ ድምፁን አውጥቶ። አንድ ጊዜ ደገመው። ነገር ዓለሙን ረስቶ፣ ፈገግ እንዳለ፣ ማስነሻውን ተጫነ።

ቁራጯ ወረቀት ካስቀመጣት ቦታ አልተነሳችም ነበር። ቀጭኑ ፑንታ ከወፍራሙ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ለማሽኑ ማን ነግሮት? በወፍራሙ ቁመት ወረደ፣ እንጨቱን ሆዱ ድረስ ወጋውና ቀጭ ብሎ ተሰበረ። እጀታው መሀል ለመሀል ተሰነጠቀ። ሳንጉ ማሽኑን አጥፍቶ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ራሱን ይሰድብ ነበር፤ ያን ዕለት ስድብም አልመጣለትም።

የበሩ ደወል ጮኸ። እማማ ኦክቡን ናቸው፣ በቤት ጫማቸው።

“ምንድን ነው የወደቀው?”

“ይቅርታ እማማ። ፑንታ ተሰብሮብኝ ነው።”

“አንተ የወደቅህ መስሎኝ ነው እንጂ ለፑንታማ ደረጃ አልወጣም ነበር። ብቻህን የምትኖር ሰው፣ ብትወድቅ ማን ያነሳሃል?” ሳይጋበዙ ዘልቀው በረንዳው ላይ የተሰነጠቀውን እንጨት ሲያዩ ከንፈራቸውን መጠጡ። ቀጥሎ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ሄደ። “ይሄ የማን እጅ ነው?”

“የልጄ የሄዳም ነው። እጀታው ለሱ ነበር።”

“ስንት ዓመቱ ነው?”

“አሥራ አራት።”

እማማ ኦክቡን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ጓንት ሰፍተዋል። ወረቀቱ ላይ ጣታቸውን ዘርግተው ለኩ። “አይደለም። ይሄ የአሥራ አንድ ዓመት እጅ ነው።”

“የሱ ነው እማማ፤ ራሴ ነኝ የዞርኩበት።”

“መቼ?”

ሳንጉ ክው አለ።

“እንኳን ተሰበረ፣ የሄዳም አባት። ይሄንን ልከህለት ቢሆን በሁለት ጣቱ ይዞ ይስቅብህ ነበር።” ፊቱን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ሌላ እንጨት አለህ?”

“አንድ ቀርቶኛል።”

“እንግዲያው ልጁን ጠይቀው። መጠየቅ ምን ችግር አለው?” ብለው ወረዱ።

መጠየቁ ነበር ችግሩ። እጅህን አላውቀውም ብሎ እንደ መጻፍ ሆነበት። ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ አጠፋው። በመጨረሻ፣ “ሄዳም፣ እጅህን ዘርግተህ፣ ከጎኑ ማስመሪያ አድርገህ ፎቶ ላክልኝ። እኔ ጋ ያለው የድሮው ልክ ነው” ብሎ ላከ።

ፎቶው በአሥር ደቂቃ ውስጥ መጣ። ከሥሩ “ይኸው” ብቻ ይላል። ሳንጉ በማስመሪያው አስተካክሎ፣ በትክክለኛ መጠኑ አትሞ፣ ወረቀቱን ከማሽኑ አጠገብ ዘረጋው። አውራ ጣቱ ሥር ሳንጉ የማያውቀው ጠባሳ አለ። መቼ ተቆረጠ? ማን አሰረለት? የገዛ እጁን ቀስ ብሎ በልጁ እጅ ላይ አሳረፈ። የመሀል ጣቱ የሄዳም ጥፍር ድረስ እንኳ አልደረሰም። ልጁ እሱን በልጦት አድጓል፤ ሲያድግ ግን አላየውም።

ከሥር ኮርኒሱ በመጥረጊያ እንጨት ተመታ። ሁለት ጊዜ። ወዲያው በበረንዳው መስኮት የእማማ ኦክቡን ድምፅ ወደ ላይ መጣ።

“የሄዳም አባት፣ ምነው ዝም አልክ? ዛሬ እስከ ሰባት ሰዓት ብታንጫጫም ምንም አልልህም።”

“እሺ፣ እማማ። እየለካሁ ነው” ብሎ ወደ ታች መለሰ። እጁን ግን ከወረቀቱ ላይ አላነሳም።