ከውርጭ የሚቃረም ሙቀት

ወይዘሮ አመተሥላሴ ከቤታቸው ጀርባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ማሽን ወፍራም የጠጉር ብርድ ልብስ፣ ባና፣ ያለበሱት አዝነውለት ነው።

ኅዳር ነበር። መንዝ፣ ሞላሌ ዳር ሌሊቱን ውርጭ ጥሎ ሲያድር፣ ጠዋት ሣሩ ከእግር በታች እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። በጎች እንኳ ተቃቅፈው በሚያድሩበት ብርድ እሱ ብቻውን ውጭ ቆሞ ያነጋል። ልጃቸው ታዲዮስ አምና ያስገጠመላቸው ኤሲ ነው። ቆላ ያሉ ሰዎች ቤታቸውን የሚያቀዘቅዙበት ዕቃ መሆኑን ሲሰሙ መጀመሪያ ስቀው ነበር፤ «ለመንዝ ሰው ደግሞ ብርድ ይመጣለታል?» ይኼኛው ግን ያሞቃልም። አንዱ አካሉ ከአልጋቸው በላይ፣ ሌላው ውጭ፣ በመካከላቸው ቀጭን የመዳብ ቱቦ።

ታዲዮስ ይህን ያደረገው ፈርቶ ነው። ካቻምና በታኅሣሥ ብርድ ሳንባቸውን መትቷቸው ሆስፒታል ሲተኙ፣ እሱ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ልቡ ቀጥ ልትል ነበር። «አንድ ጊዜ ደግመሽ ብትታመሚ እኔ ዘንድ ነው የምትኖሪው» አላቸው። እሳቸው ደግሞ አዲስ አበባን አይጠሉም፤ ግን እዚያ ምን ይሠራሉ? ከልጅነታቸው ጀምሮ የበግ ጠጉር ሲነድፉና ሲፈትሉ የኖሩ ሴት ናቸው። የእሳቸውን ፈትል የገበያው ሸማኔ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ይለየዋል። ባላቸውም እዚሁ ደብር ውስጥ አርፈዋል።

ታዲያ ማሽኑ ዘንድሮ ታመመ። ሲያቃስት ይቆይና ቀይ መብራት አብርቶ ዝም ይላል። ባናውን ካለበሱት ወዲህ ደግሞ ጭራሹን ባሰበት። ለልጃቸው አልነገሩም፤ ሳላቸው ግን በስልክ ነገረባቸው።

«እማዬ፣ ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ። ልብስሽን አዘጋጂ።»

ዓርብ ከሰዓት ማሽኑን የገጠመው ገሠሠ ከደብረ ብርሃን መጣ። እዚሁ መንዝ የዘመሮ ተወላጅ ነው፤ ጎረቤታቸው ጥሩሸዋ ናት ደውላ የለመነችው። ኤሌክትሪኩን ካጠፋ በኋላ ከአልጋው በላይ ያለውን ክዳን ከፍቶ አየር የሚያጣራውን ወንፊት መሳይ ፊልተር ሳበ። ወፍራም ግራጫ ነገር ለብሷል።

«እማማ፣ ይኼ ፊልተር ነው በርኖስ?»

«አፈር ብላ! በርኖስ ከየት አምጥቶ?»

«ከእጅዎ ነዋ። እርስዎ ጠጉር ሲነድፉ ብናኙን እሱ ይስበዋል። የሚተነፍሰው በዚህ ነው፤ ታፍኗል።»

ወደ ጀርባ ዞሩ። ገሠሠ ባናውን፣ በባናውም ላይ እንደ መቀነት የተጠመጠመውን ገመድ ሲያይ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ።

«ምን ያስገለፍጥሃል? ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ እየሰማሁ እንዴት አንጀቴ ይቻል?»

«እኔንስ ውርጭ ላይ ብታገኚኝ አንድ ጋቢ አትጥይብኝም» አለች ጥሩሸዋ ከአጥሩ ወዲያ።

«አንቺ ስብሽ ይበቃሻል!»

ገሠሠ ዓይኑን ጠርጎ ተነሣ። «የሚንቀጠቀጠው በርዶት አይደለም፤ ሥራ ላይ ሆኖ ነው። የሚያሞቅዎትን ሙቀት ከየት የሚያመጣው ይመስልዎታል? ከዚሁ ከውርጩ ነው።»

«ከውርጩ?»

«ውርጭም ውስጥ ሙቀት አለ፤ እኛ አይታወቀንም እንጂ። እሱ ከአየሩ ላይ እየለቀመ በቱቦው ያስገባዋል።»

«ቃርሚያ እንደሚለቅም ሰው?»

«ልክ እንደ ቃርሚያ። ማሳው ላይ ምንም የቀረ አይመስልም፤ የለቀመ ግን ቋቱን ይሞላል። እርስዎ ማሳውን በባና ሸፍነውበት!»

ወይዘሮ አመተሥላሴ የባናውን ገመድ መፍታት ጀመሩ። አንድ ሰው እሳት በረዶ ውስጥ ተቀብሯል ቢላቸው ከዚህ ይበልጥ ባልገረማቸው ነበር።

ባናው ሲነሣ፣ ተደርድረው የቆሙት ቀጫጭን ቆርቆሮዎች ከጎረቤት አውድማ በነፋስ በመጣ የገብስ እብቅ ተወትፈዋል። ገሠሠ በለስላሳ ብሩሽ ቁልቁል እየጠረገ ውኃ በቀስታ አፈሰሰበት። ፊልተሩን ግን ለራሳቸው ሰጣቸው። ለብ ባለ ውኃ በሳሙና አጥበው ጥላ ላይ አሰጡት፤ የመንዝ ነፋስ ወዲያው አደረቀው። ሲመሽ ማሽኑ ያለ ማቃሰት ተነሣ።

«ያልኩትን ካላመኑ፣ ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ እጅዎን ፊቱ ላይ ያድርጉ» ብሎ ሄደ።

ሲነጋጋ ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ። ሜዳው፣ ድንጋዩ፣ የአጥሩ እሾህ ሳይቀር ነጭ ለብሷል። መዳፋቸውን ከማሽኑ ተሽከርካሪ ማራገቢያ ፊት ዘረጉ። የሚወጣው አየር ከውርጩ ይልቅ ይቀዘቅዛል! ጣታቸውን ነከሳቸው። ማሽኑ ብርዱ ራሱ የያዘውን ሙቀት ወስዶበት ባዶውን መልሶታል። ፈጥነው ገቡ፤ ከአልጋው በላይ ለስላሳ ሙቀት ፊታቸውን ዳበሳቸው። ተመልሰው ወጡ። እንደገና ገቡ። እንዲህ ሲመላለሱ ጥሩሸዋ ብታያቸው ኖሮ አበዱ ባለች።

ልጆቻቸውን ጉያቸው ውስጥ አድርገው ያነጉባቸው ሌሊቶች ትዝ አሏቸው። ያን ጊዜም ሙቀቱ እዚሁ ነበር። በሣሩ ላይ፣ በጣራው ላይ፣ በሚንቀጠቀጡት ሕፃናት ዙሪያ ሞልቶ አድሮ ነበር፤ የሚለቅመው እጅ ብቻ ጠፍቶ። «ጌታዬ ሆይ፣ ምን ያልደበቅኸው ነገር አለ?» አሉ። ድምፃቸው ሹክሹክታ ነበር። ውርጩን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲረግሙት ኖረው፣ በዚያ ማለዳ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እንግዳ ሰው አፈሩት።

እኩለ ቀን ላይ ታዲዮስ ደረሰ። የመኪናውን የፊት ወንበር ወደ ኋላ አስተኝቶ፣ ትራስ አድርጎበት፣ ጋቢ አንጥፎበታል።

«ልብስሽ የታለ?»

«ለብሼዋለሁ» አሉና ማሽኑ በጠጉር ብናኝ ታፍኖ እንደነበር፣ ገሠሠም ትናንት እንደጠገነው ነገሩት።

«እማዬ፣ አትቀልጂ። ዛሬ ሠራልሽ፤ ሲቆምስ? እኔ ሳልደርስልሽ ብትቀሪስ?»

ክንዱን ያዙት። «እስኪቆም ማን ይጠብቀዋል፣ ልጄ? አባትህ ጣራ የሚከድነው ዝናቡ አልጋችን ላይ ሲወርድ ነበር? ግንቦት ላይ ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ። ፊልተሩን በየወሩ በሥላሴ ማግስት አጥባለሁ። አውድማው ሲነሣ የውጩን እጠርጋለሁ። ገሠሠ ደግሞ ውርጭ ሳይገባ ጥቅምት ላይ ይመጣል።»

«ጠጉሩስ?»

ይኼ ከበዳቸው። ጠጉር የነደፉት ሁልጊዜ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነው።

«ደጅ፣ ፀሐይ ላይ እነድፈዋለሁ» አሉ በመጨረሻ።

ከዚያ ማሽኑን አጠፉት። በርጩማ ላይ ወጡ፤ ሊደግፋቸው ሲል በዓይናቸው መለሱት። ክዳኑን ከፍተው ፊልተሩን አወጡ፤ ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት፤ መልሰው በቦታው ቀጭ አደረጉትና ማሽኑን አስነሡት። ታዲዮስ እጆቻቸውን ሲመለከት ቆየ። ሙቀቱ ክፍሉን እንደገና ሲሞላው ጃኬቱን አወለቀና ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«እንዴት ነው ከብርድ ሙቀት የሚወጣው?» አለ።

«ነገ በማለዳ አሳይሃለሁ» አሉት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ትራስና ጋቢ በተነጠፈበት የፊት ወንበር ላይ በወይዘሮ አመተሥላሴ ምትክ አንድ ከረጢት የገብስ በሶ ተንተርሶ ከታዲዮስ ጋር ወደ አዲስ አበባ ሄደ።